ቅዳሜ ኢንሻአላህ

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ በራሴ መሥራት ስጀምር፣ አናጢነት ያስተማሩኝ ሰው አንድ ምክር ሰጥተውኝ ነበር። «ያላመንከው ጣሪያ ላይ አትውጣ። አልሠራም በላቸው፤ ነውር የለውም» አሉኝ። ግማሹን ሰማሁ። አለመውጣቱን ተማርኩ፤ አልሠራም ማለቱ ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ።

አንድ ሐጂ፣ የድሮ ቡና ነጋዴ፣ ክረምት ሳይገባ ጣሪያቸውን እንዳድስላቸው ጠሩኝ። ቤታቸው ያረጀ የእንጨት ፎቅ ነው። በኮርኒሱ ቀዳዳ ገብቼ የጣሪያውን ወራጅ፣ ቆርቆሮውን የተሸከመውን እንጨት፣ በካቻቢቴ ወጋ ባደርገው እስከ እጀታው ገባ። ምስጥ ጨርሶታል። በላዩ ቆሜ ቆርቆሮ ስነቅል ታየኝና ካቻቢቴዬን ነቅዬ ወደ መሰላሉ ተመለስኩ።

ስወርድ ሐጂ መሰላሉን ይዘውልኝ ቆመዋል።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ መቼ ትጀምራለህ?»

«ወራጁ ተበልቷል፣ እፈራለሁ» ብል ምን ነበረበት? ግን ገና ስም ያላወጣሁ አናጢ ነኝ፤ ፈሪ መባልን ፈራሁ።

«ቅዳሜ፣ ኢንሻአላህ» አልኳቸው።

እኔ ክርስቲያን ነኝ። ቃሉን የተዋስኩት ለመሸሺያ ነው፤ ጅማ ውስጥ እምቢ ማለት የሚያፍር ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ። እሳቸው ግን ከእኔ አፍ ሲሰሙት ደስ አላቸው። «ማሻአላህ!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

ቅዳሜ ከከተማ ወጥቼ አሰንዳቦ ነበርኩ። ለአንድ ሱቅ መደርደሪያ ስሠራ፣ እግሬን መሬት ላይ ተክዬ፣ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። የት እንደሄድኩ ለማንም አልተናገርኩም። ዝናብ ሲጥል «ይኼኔ ሌላ ሰው አግኝተዋል» እያልኩ ራሴን እሸነግል ነበር።

ስመለስ በበራቸው ሳልፍ ግቢያቸው ውስጥ ፍራሽና ሳጥን በላስቲክ ተሸፍኖ ተከምሯል። ፎቁን ለእኔ ባዶ አድርገውት ነበር። ቶሎ ልሰወር ስል አዩኝ። ከዘራቸውን ጥለው መጡ።

«ለቀቁህ?»

አልገባኝም። ባለቤታቸው ከበሩ ላይ ሆነው ነገሩኝ። ጊዜው ወጣት ከመንገድ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ የሚላክበት ነው። ሐጂ ቅዳሜ ስቀር «ያ ልጅ ኢንሻአላህ ብሎ አይዋሽም፣ አፍሰውታል» ብለው፣ ሌላ አናጢ ሲመጣ መልሰውት፣ ሁለት ጊዜ ቀበሌ ሄደው «ልጄን የት አደረሳችሁት?» ብለው ጠይቀዋል። የቀበሌ ሰዎችም «አንተ ምኑ ነህ?» ብለው አፍጥጠውባቸዋል። በደርግ ጊዜ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ራስን ማስያዝ ነበር።

«እና ለቀቁህ?» አሉኝ ደግመው።

«አዎ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው አቀፉኝ። ልብሳቸው እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ያኔ ብቻ አንዲት እውነት ወጣችኝ።

«ሐጂ፣ ወራጁን ምስጥ በልቶታል። ማንም እንዳይወጣበት፤ መጀመሪያ ከሥር ድጋፍ ይቁምለት።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እዚያ ሆነህም ስለ እኔ ጣሪያ ታስብ ነበር?»

ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን ጣሪያ «ይሄን እፈራለሁ፣ አልሠራም» ብዬ ፊት ለፊት መልሻለሁ፤ አሁን አይከብደኝም። ሐጂ ግን እስኪሞቱ ድረስ፣ ባገኙኝ ቁጥር፣ አብሯቸው ላለ ሰው «አላህ የመለሰልኝ ልጅ ነው» ይሉ ነበር። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ሰውም ትሕትናዬን ያመሰግናል።