ሲስተር ታደለች እና ያስቆምሁት መዝሙር

በአል ዓይን ከተማ ለብዙ ዓመታት በነርስነት ያገለገሉት፣ የአነስተኛዋ ጉባኤያችን ጊታር ተጫዋች የነበሩት ሲስተር ታደለች፣ ከአጭር ሕመም በኋላ ባለፈው ወር በሞት ተለይተውናል። አስከሬናቸውም ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ሆሳዕና ተሸኝቷል። ይህን ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔ ልጽፍ የተነሣሁት ከዜናው የቀረውን ነው። በነርስነታቸው የምታውቋቸው ብዙዎች ናችሁ፤ በስድሳ ስምንት ዓመቱ ጊታር ሊማር መጥቶ ያልሳቁበት ተማሪ ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ለማታውቁኝ፣ የመስኖ መሐንዲስ ነበርሁ። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ በአቡ ዳቢ፣ መዲናት ዛይድ አካባቢ ከምትኖረው ልጄ ከሰላም ዘንድ መጣሁ። «ጡረታ ስወጣ ጊታር እማራለሁ» እያልሁ ለእናቷ ስናገር ትሰማ ስለ ነበር፣ ሰላም አንድ ጊታር ገዝታ ሰጠችኝ። ጊታሩ ከነማኅደሩ ስምንት ወር ከአልጋዬ ሥር ተቀመጠ። ከዚያ አል ዓይን ባለው ጉባኤ ሲስተር ታደለች ሲጫወቱ አየሁ፤ ቀርቤም በዚህ ዕድሜ ይቻል እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። እጄን ተቀብለው ጣቶቼን አንድ በአንድ እንደ ሕመምተኛ ጣት አጠፍ ዘርጋ አድርገው ካዩ በኋላ፣ «ይታጠፋሉ። ቅዳሜ ይምጡ» አሉኝ።

ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል፣ ጊታሬን አዝዬ ከአቡ ዳቢ አል ዓይን በአውቶቡስ ተመላለስሁ። እርሳቸው አብዛኛውን ጊዜ ከሌሊት ተረኛነት ወጥተው፣ ፊታቸውን ታጥበው ብቻ ነበር የሚያስተምሩኝ። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ዘገዩብኝ። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ወጣት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ ጠያቂ ስላልነበራት፣ ተረኛነታቸው ካለቀ በኋላ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው በለሆሳስ ሲዘምሩላት ቆይተው ኖሯል። በሰዓት ቀልድ እንደማላውቅ ያውቃሉና ፊቴን አይተው፣ «ኢንጂነር፣ እርስዎ ቢያኮርፉ ጊታር አለዎት፤ እሷ ማንም የላትም» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በነሐሴ ሙቀት ጊታሬን ልጄ መኪና ውስጥ ረስቼው ሙጫው ቀልጦ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት ተነቀለ። እርሳቸው ራሳቸው ሙሳፋህ ወደሚባለው የአቡ ዳቢ የወርክሾፕ ሰፈር ድረስ ወስደው አንድ አናጢ ዘንድ አስጠገኑልኝ። ሲመልሱልኝ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦ «የልጅ ልጅዎን በነሐሴ መኪና ውስጥ ትተው ይሄዳሉ?»

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። ተሳስቼ ማለፍ አልችልም ነበር። አንዲት ጣት ከቦታዋ ብትስት፣ አቁሜ ከመዝሙሩ መጀመሪያ እነሣለሁ። የየመዝሙሩን ኮርድ፣ ማለትም ጣቶቼ ክሮቹ ላይ የሚይዙትን ቅንጅት፣ በማስመሪያ በተሰመረ ሠንጠረዥ አስፍሬ ነበር፤ ይህኛው መዝሙር በ«ጂ» ድምፅ፣ ያኛው በ«ዲ» ድምፅ እያልሁ። ሲስተር ታደለች ሠንጠረዡን ተመልክተው የእጅ ጽሑፌን ብቻ አደነቁ።

ሙቀቱ በረድ በሚልባቸው ወራት በአል ዓይን ኦአሲስ፣ በተምር ዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ፈለጅ በሚሉት የመስኖ ቦይ ዳር እንለማመድ ነበር። አንድ ቀን ያንኑ መዝሙር ለአራተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ስነሣ እጃቸውን ክሮቹ ላይ አኑረው ዝም አሰኙኝና፣ ቦዩ ውስጥ የወደቀ ቅጠል አሳዩኝ።

«ኢንጂነር፣ ይህ ውሃ ቅጠል ባጋጠመው ቁጥር ወደ ምንጩ ተመልሶ እንደ ገና ይጀምራል?»

በሙያዬ ስለ መጡብኝ፣ ውሃ የሚሳሳተው ነገር እንደሌለው አስረድቼ ተከራከርሁ። እርሳቸውም ታግሠው ሰምተው፣ «ሲሳሳቱ ማንም አያይብዎትም፤ ሁሉም የሚያየው ሲመለሱ ነው» አሉኝ።

ቃሉን በማስታወሻዬ ጻፍሁት። መጻፍ ግን መማር አልነበረም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በጉባኤው ፊት በእርሳቸው ቦታ ተቀምጬ አንድ መዝሙር እንዳጅብ ፈቀዱልኝ። እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ መዝሙር የሚያነሣው ጊታሩ አይደለም፤ ከሕዝቡ መካከል መንፈሱ የተነካ ሰው ባገኘው ድምፅ ያነሣል፤ ጊታር ተጫዋቹም ተከትሎ ይይዘዋል። በዚያን ቀን ከኋላ ያነሡት ወይዘሮ ዘነበች ነበሩ። በአንድ ቤት ወጥ ቤት የሚሠሩ፣ ማዳማቸው በፈቀደችላቸው ሰዓት ብቻ የሚመጡ ሴት ናቸው። ያነሡበት ድምፅ ከሠንጠረዤ ጋር አልገጠመም። እኔም ሁለት ስንኝ ያህል ፈልጌ ሳጣ እጄን አነሣሁ፤ «ይቅርታ፣ እባካችሁ ከ"ጂ" እንደ ገና እንጀምር» ብዬ ጉባኤውን በሙሉ አስቆምሁ።

ሲስተር ታደለች ከጎኔ መጥተው ጊታሩን ቀስ ብለው ተቀበሉኝና፣ ሌላ መዝሙር ጀምረው ሰዓቱን አዳኑት። ወይዘሮ ዘነበች ግን ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ሰባት ሳምንት መዝሙር አላነሡም። እኔ ይህን ልብ አላልሁም ነበር፤ የነገሩኝ ሲስተር ታደለች ናቸው። በቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡኝ በተሻለ።

«ዘነበች ሳምንቱን ሙሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትኖር ሴት ናት» አሉኝ። «ከፍ የምታደርገው እዚህ ብቻ ነው። ሰው መዝሙር የሚያነሣው ካለበት ነው፤ እርስዎ ሄደው ይያዙት እንጂ እርስዎ ወዳሉበት አይጥሩት።»

በሚቀጥለው ሳምንት ወይዘሮ ዘነበችን ፈልጌ በሥርዓቱ ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሳቸውም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁና፣ «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ጂ የሚባለው ምን እንደ ሆነ መች አውቄ!» አሉኝ። በዚያው ሳምንት መዝሙር አነሡ። ይቅርታውን እርሳቸው ሰጥተው ጨረሱ፤ እኔ ግን ሰው ፊት መጫወት ፈራሁ። ሲስተር ታደለች ሦስት ጊዜ በቦታቸው እንድቀመጥ ለመኑኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ገና ነኝ» አልኋቸው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ጊዜ የጎደለኝ ልምምድ አልነበረም።

ከዚያ ታመሙ። ቅዳሜዬን አልለወጥሁም፤ ጊታሬን ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። የእኅታቸው ልጅ ሕይወት ታስታምማቸው ነበር። ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ሳያቸው በጣም ከስተው ነበር፤ ቀልዳቸው ግን ከእርሳቸው ጋር ነበር፤ «ዛሬ አስተማሪው ስለ ተኛ ተማሪው ይጫወት» አሉ። ጉባኤውን ሁልጊዜ የሚዘጉበትን መዝሙር በቀጭን ድምፅ አነሡ። ያዝሁት። ግን አንዲት ኮርድ ሳትሁና፣ «ይቅርታ ሲስተር» ብዬ ከመጀመሪያው ተነሣሁ። እርሳቸውም አብረውኝ ተመለሱ። እንደ ገና ሳትሁ፤ እንደ ገና ተመለስሁ። ሕመምተኛን አራት ጊዜ ወደ ኋላ መለስሁ። በአምስተኛው ቀና ስል እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ሕይወት፣ «ጋሼ፣ ይጨርሱት፤ ተኝተውም ይሰማሉ» አለችኝ። እኔ ግን ጊታሩን ማኅደሩ ውስጥ ከትቼ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አስተካክዬ እመጣለሁ አልኋት። ሲስተር ታደለች ሐሙስ ዐረፉ። አንድን መዝሙር ከሰው ጋር እስከ መጨረሻው ስጫወት አንድም ቀን ሳይሰሙኝ ሄዱ።

በሽኝቱ ቀን ሕይወት የእርሳቸውን ጊታር አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው። በኪሴ ሠንጠረዤ ነበር። መጋቢው ጸሎቱን እንደ ጨረሱ ከኋላ ወይዘሮ ዘነበች ያንኑ መዝሙር አነሡ። ድምፃቸው በለቅሶ ወርዶ፣ እኔ በጻፍሁት በየትኛውም መደብ ውስጥ አልነበረም። ካፖ የሚባለውን፣ በጊታሩ አንገት ላይ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን መቆንጠጫ ከአራተኛው መስመር ወደ ሦስተኛው አወረድሁት፤ አልገጠመም። ወደ ሁለተኛው ሳብሁት፤ አገኘኋቸው። የመዝሙሩ ሁለተኛ ቁጥር ላይ ጣቴ ሳተች። እጄ እንደ ልማዷ ከክሮቹ ተነሣች። ቀና ብዬ ሳይ ወይዘሮ ዘነበች ዐይናቸውን ጨፍነው ይዘምራሉ፤ ሕዝቡም ከእርሳቸው ጋር ሄዷል፤ የጠበቀኝ አልነበረም። እጄን መለስሁና ከደረሱበት ገባሁ።

ሲስተር፣ የሳትኋት ኮርድ የትኛዋ እንደ ሆነች ቢሰሙ ወዲያው ያውቋት ነበር። ስንት ቅዳሜ ከእጅዎ የተማርሁትን በዚያን ቀን ብቻ ነው የሠራሁት፤ ያን ለመስማት ደግሞ እርስዎ አልነበሩም። ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ቤትዎ የሚወስደውን መንገድ እግሬ አሁንም ይጀምረዋል፤ ግማሽ ላይ አስታውሼ ወደ ጉባኤው እታጠፋለሁ። በቦታዎ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ወይዘሮ ዘነበች ካሉበት ያነሣሉ፤ እኔም ሄጄ እይዛቸዋለሁ። በዚያ በአልጋዎ አጠገብ አራት ጊዜ ስለ መለስሁዎት ይቅር ይበሉኝ። በደኅና ይረፉ። ባሉበት መዝሙር ከተነሣም እኔን አይጠብቁ፤ ስመጣ ከደረሱበት እገባለሁ።