ያሬድ ኮቹን ያኮረፈበት ጥቅምት

ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላይ ካለ አንድ ግሮሰሪ ገብቼ ሽንኩርት ስመርጥ፣ ከኋላዬ አንድ ልጅ ገና በተወለወለው ወለል ላይ በጫማው ሲጢጥ ሲጢጥ ሲያደርግ ሰማሁና ንዴቴ ድንገት መጣ። ልጁ ምንም አላጠፋም። ያ ድምፅ ግን የኔ ልጅነት ነው፤ ሌላው ሰው ልጅነቱን በእናቱ ጠረን ያስታውስ ይሆናል፣ እኔ ግን ልጅነቴን የጨረስኩት የአንድ ኮሌጅ የባስኬትቦል አዳራሽ ውስጥ፣ ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ፣ ወንድሜ ያሬድ ልምምዱን ጨርሶ ወደ ቤት እስኪወስደኝ ስጠብቅ ነው። አስር ሰው እየሮጠ ሲጢጥ ሲጢጥ በሚልበት ቦታ ማባዛት የተማረ ሰው ይፍረደኝ።

ቤታችን ከፌርፋክስ ወደ ሚራክል ማይል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሁለት መኝታ ያለው አፓርትመንት ነበር። አባዬና እማዬ አንዱን፣ ከኔ በስምንት ዓመት የሚበልጠው ያሬድ ሌላውን ይዘው፣ እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ እተኛ ነበር። አባዬ ታክሲ ይነዳ ነበር፣ እማዬ ሬስቶራንት ወጥ ቤት ትሠራ ነበር፣ ያሬድ ደግሞ ኳስ ይጫወት ነበር፤ ኮሌጁም ለኳሱ ብሎ በነፃ ያስተምረው ስለነበር፣ በቤታችን ከኳስ የሚበልጥ ነገር አልነበረም። በበጋው ወራት ከሕንፃው ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ኳሱን ሲያነጥር ይውላል፣ የላይኛዋ ጎረቤታችን በመስኮት ትሰድበዋለች፣ እሱ አይሰማም፣ እማዬ ወጥታ በእሱ ፈንታ ይቅርታ ትጠይቃለች። በየቀኑ! አንድም ቀን እሱ ራሱ ይቅርታ ሲል አልሰማሁም።

እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ፣ የሰፈሩ ጋዜጣ በየዓመቱ ስለ ኮሌጁ ቡድን የጥያቄ መዓት ያወጣ ነበር። የረጅሙ ልጅ ጉልበት ድኖ ይሆን? ከሜዳቸው ሲወጡ ለምን ይፈራሉ? አባዬ እንግሊዝኛ አሳምሮ ያነባል፣ ነገር ግን ብቻውን ሲያነብ የሚጨቃጨቀው ሰው ስለማያገኝ እኔ ጮክ ብዬ እንዳነብለት ያስቀምጠኝ ነበር። አስራ ሁለት ዓመት በሞላኝ መስከረም የጋዜጣው የመጀመሪያ ጥያቄ የራሳችን ልጅ ሆኖ ቁጭ አለ፤ አምና ቡድኑን ሲያጫውት የነበረው ተመርቆ ሄዷል፣ ማን ይተካዋል፣ ያሬድ ወይስ ከቺካጎ የመጣው አዲሱ ልጅ?

«ወይስ?» አለ አባዬ ከወንበሩ ተነስቶ። «ወይስ ማለት ምን ማለት ነው? የኔን ልጅ ከትናንት መጤ ጋር ያስተካክሉታል?»

«አባዬ፣ እኔ አልጻፍኩትም እኮ።»

«አንብቢ! አንብቢ ብቻ!»

አንብቤ ስጨርስ ጋዜጣውን አጣጥፎ፣ እኔንም አስከትሎ ሾፌሮች ምሳ ወደሚበሉበት ጠረጴዛ ይዞት ሄደ። እዚያ ሁለት የማይጠፉ ጓደኞች ነበሩት፣ አንዱ የመኪና ማቆሚያ የሚያስተዳድረው ጋሽ በላይ፣ ሌላው የወሎው ሰው፣ የልብስ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሰይድ። ሁለቱም አንድ ጨዋታ እንኳ ከዳር እስከ ዳር አይተው አያውቁም። ይሁንና ጋሽ በላይ የረጅሙን ልጅ ጉልበት ኢንግልዉድ ያለ አንድ ወጌሻ በሁለት ቀን እንደሚያድነው በእርግጠኝነት ይናገር ነበር፣ ሐጂ ሰይድ ደግሞ ለሁሉም ጥያቄ «ለመሆኑ ልጆቹ ቁርስ በልተው ነው የሚመጡት?» ይሉ ነበር። ኧረ ተዉኝ! ያን ሁሉ ምሳ እየሰማሁ የበላሁት እኔ ነኝ።

ጥቅምት ገብቶ ልምምዱ ሲጠነክር፣ አንድ ማክሰኞ ኮቹ ያሬድን ወደ ዳር ጠርቶ፣ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ከተጠባባቂ ወንበር እንደሚጀምር ነገረው። አየሁት። አልጮኸም፣ አልተሳደበም፤ የልምምድ ማልያውን አውልቆ፣ ቤት ልብስ አጥፎ የማያውቅ ሰው አስተካክሎ አጥፎ፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ወጣ። እኔንም ረስቶ! ቦርሳዬን እየጎተትኩ መኪናው ድረስ ሮጬ ደረስኩበት። እስከ ቤት ድራይቭ አደረገና፣ ገብቶ በቀጥታ የኔ ሶፋ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። የራሱ አልጋ እያለ! አኩራፊ ሰው ለካ የሚታይበት ቦታ ነው የሚመርጠው።

በእኛ ቤት ያኮረፈ ሰው ራሱ አይመለስም። ሰው ሄዶ፣ ለምኖ፣ ጎትቶ፣ «በሞቴ» ብሎ ነው የሚመልሰው። አባዬ እማዬን ኩዳዴን ሙሉ አኩርፏት፣ በስንት ልመና ያስታረቋቸው እስላሙ ሐጂ ሰይድ ነበሩ። ስለዚህ ያሬድ ኮቹ እስኪጠራው ጠበቀ። ኮቹ ደግሞ የሌላ ቤት ልጅ ነውና፣ ያጠፋው ራሱ መጥቶ እስኪናገር ጠበቀ። እንዲህ ሁለቱም ሲጠባበቁ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ከቡድኑ ከወጣ በነፃ መማሩም እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን፣ እማዬ ምግቡን ሶፋው ድረስ ይዛ «አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል፣ ብላ ልጄ» ትላለች፣ እኔ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቼ እተኛለሁ።

በመጨረሻ አባዬ «ሽማግሌ እንልካለን» አለ።

«አባዬ፣ ኮች ላይ ሽማግሌ አይላክም!»

«ለምን? ሰው አይደለም?»

ምን ይባላል! የጥፋተኛ አባት አብሮ አይገባምና፣ እሱ ታክሲውን አዳራሹ ደጃፍ ፓርክ አድርጎ መስኮቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ጋሽ በላይ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከላይ ጋቢ ደርቦ፣ ሐጂ ሰይድ ቆባቸውን አድርገው፣ እኔ እማዬ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ታቅፌ፣ አስተርጓሚ ተብዬ ገባን። የጓደኛዬ ልደት ነበር ያን ዕለት፣ ማንም አልጠየቀኝም።

ኮቹ ሸምገል ያለ፣ አንድ እግሩን የሚያመው ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ወንበር አቀረበ። አልተቀመጡም። «እሺ እስኪሉን አንቀመጥም በይው» አለ ጋሽ በላይ። ነገርኩት። ሰውየው እንግዳ ቆሞ እሱ መቀመጥ አፈረና፣ ጠረጴዛውን ተደግፎ አብሮ ቆመ።

«ምኑን ነው እሺ የምለው?» አለኝ።

«ልጅ ነው፣ አጥፍቷል» አሉ ሐጂ ሰይድ። «ልጅ ያጠፋል፣ አዋቂ ይምራል። ለኛ ሲሉ፣ ለሽበታችን ሲሉ ይማሩልን።»

ይህን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ላቤ ይንጠፈጠፋል። ኮቹ፣ «አልተቀየምኩትም፣ በሩ ክፍት ነው፣ እስከ ዓርብ ልምምድ ድረስ ራሱ ገብቶ ማልያውን ያንሳ» አለ። ስተረጉምላቸው ከጠቅላላው «አልተቀየምኩትም» የሚለውን ብቻ ሰሙና «ተመስገን፣ አልሐምዱሊላህ» ብለው ዘፍ አሉ። ሐጂ ሰይድ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት፣ እሱም ነገሩ ባይገባው አንገቱን ደፍቶ ተመረቀ፣ ዳቦው ተቆረሰ።

ስንወጣ ግን ኮቹ ከኮሪደሩ መልሶ ጠራኝ፤ ዳቦውን ገና እያላመጠ፣ «ለወንድምሽ ለብቻው አንድ ነገር ንገሪልኝ» አለኝ። «አዲሱ ልጅ ፈጣን ነው፣ ሜዳውን የሚያየው ግን ወንድምሽ ነው። ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት ተናዶ እንዲታገለኝ ነው እንጂ እንዲሄድ አይደለም። እፈልገዋለሁ በይው።»

እሺ አልኩ። በታክሲው ውስጥ ቃሉን ሳልረሳ እየደጋገምኩ ነው የመጣሁት፣ እግዜር ምስክሬ ነው።

ሽማግሌዎቹ ቤት ገብተው መልእክታቸውን ሲያደርሱ ያሬድ ከሶፋው ተነስቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ሐጂ» እያለ ሰማቸው። በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ በኔ ላይ ዞረ። «አንቺ ደግሞ! ዳቦ ታቅፈሽ ሄደሽ አዋረድሽኝ! ነገ ቡድኑ ሁሉ ይስቅብኛል፣ ምን አገባሽ አንቺ ሕፃን!» ከዚያ ወደ አባዬ ዞሮ፣ «በሩ ክፍት ነው ማለት ምን ማለት ነው? ይፈልገኛል ወይስ አይፈልገኝም?» አለ። መልሱ እኔ አፍ ውስጥ ነበር።

አልተናገርኩም። ሶፋዬን ወስዶ፣ ልደቱን አስቀርቶብኝ፣ ኮች ፊት ላብ በላብ አድርጎኝ ደግሞ ይጮህብኛል? እኔም የዚያው ቤት ልጅ ነኝ፣ አኮረፍኩት። ይቅርታ ሲለኝ እነግረዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ረቡዕ አለፈ፣ ሐሙስ አለፈ፣ ይቅርታ ቀርቶ ማኩረፌንም አላወቀም፤ የትንሽ ልጅ ኩርፊያ ማን ያየዋል! ዓርብ ከሰዓት እማዬ ጫማውን ጠርጋ በሩ አጠገብ አስቀመጠችለት። ያሬድ ተነሳ፣ ጫማውን አደረገ፣ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ፣ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። አሁን ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«ምን ታፈጫለሽ?» አለኝ።

ዘጋሁት። እሱም «ከፈለገኝ ይደውል» ብሎ ቁልፉን ወርውሮ ተመልሶ ተኛ።

ኅዳር ላይ ጨዋታው ሲጀመር ቡድኑን ያጫወተው የቺካጎው ልጅ ነበር። አባዬ ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ አንብቢልኝ ብሎኝ አያውቅም። ፀደይ ሲመጣ ያሬድ ትምህርቱን አቋረጠና ከአባዬ ጋር ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ አባዬ ቀን፣ እሱ ማታ። ሶፋዬ ተመለሰልኝ፣ ለብዙ ጊዜ ግን እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ ነበር።

ዛሬ ያሬድ ሃውቶርን ነው የሚኖረው፣ ሚስት አለው፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ ኤርፖርት ይሠራል፣ ደህና ነው። ባለፈው እሑድ እሱ ቤት ምሳ ስንበላ፣ ስንት ዓመት የተሸከምኩትን ነገር ድንገት አወጣሁት፤ ኮቹ ያለውን ቃል በቃል፣ እኔም አውቄ መደበቄን። ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። «ብትነግሪኝም አልሄድም ነበር» አለኝ። «ብዪ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።»

ዋሽቷል። ቁልፉን ሲያነሳ አይቼዋለሁ እኮ። ያኔ ለአንድ ወንበር ብሎ ሦስት ሳምንት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው፣ ለዚህ ነገር አንዲት ቀን እንኳ ሳይዞርብኝ፣ በማግስቱ ደውሎ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት ፎርም አማከረኝ፣ ስቀልድ ሳቀ። ዕድሜዬን ሙሉ በቤታችን ኩርፊያ ስማረር የኖርኩ ሴት፣ የዚያን ዕለት ስልኩን ይዤ፣ ምነው ባኮረፈኝ አልኩ። ቢያኮርፈኝ፣ ቢያንስ ሽማግሌ እልክበት ነበር።