ለሻይ የሚሆን ብርሃን

ባለቤቴ ሱዳን ውስጥ፣ ሶባ በሚባል ሰፈር፣ ሆስፒታሉ ፊት ለፊት፣ ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር ሻይ ትሸጥ ነበር። የማወራው ጦርነቱ ሳይመጣ የነበረውን የመጨረሻውን ኸሪፍ ነው፤ ኸሪፍ የሚሉት የነሱን ክረምት ነው። እኔ ዘበኝነቱን እርጅና አስትቶኝ ለእሷ ውሃ አቀርባለሁ፣ ከሰል አራግባለሁ። ደንበኞቻችን በሽተኛ ያስተኙ ሰዎች ናቸው፤ ቀኑን የሐኪም አፍ ሲጠብቁ ይውሉና ሲመሽ እኛ ዘንድ መጥተው ይቀመጣሉ። የረቅሻ ነጂዎችም አሉ፤ ረቅሻ አገር ቤት ባጃጅ የምትባለው ናት።

እውነቱን ለመናገር፣ ሰውን የሚያስቀምጠው ሻዩ ብቻ አልነበረም። ሻይ የትም አለ። እኛ አንዲት ትንሽ ስክሪን ነበረችን፤ ታጥፋ በፌስታል የምትያዝ፣ በመኪና ባትሪ የምትሠራ፣ ፍላሽ የምታነብ። ሳጥን ላይ አቆማትና ነፃ ትግል እከፍታለሁ። ዜና ብከፍትላቸው ይቆጣሉ። በሽተኛ ያስተኛን ሰው ሁለት ወፍራም ሰዎች ሲፈነጋገሉ ማየት ያሳርፈዋል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ቀን ሲመሽ ስክሪኗ ጨለመች። ድምፁ አለ፣ ሥዕሉ የለም። የእጅ ባትሪ አስጠግቼ ሳበራባት ታጋዮቹ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ እንዳለ ጥላ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። ስለዚህ እሷ አልሞተችም፤ የሞተው ከመስታወቷ ኋላ ያለው መብራት ነው። ሰዎቹ ጥቂት ቀን ትግሉን እንደ ራዲዮ ሰሙልን። ከዚያ አንድ በአንድ መንገዱን ተሻግረው ካፍቴሪያው ገቡ። የካፍቴሪያው ባለቤት የመስታወት በርና ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን አለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የዛፋችንን ጥላ ለወንበሮቹ ይመኛታል፣ ምኞቱንም አይደብቅም።

በዚሁ መሀል ዐማራት በሚባለው የሀብታም ሰፈር ያለችው ማዳም ደወለች። ባለቤቴ ብዙ ዓመት ያገለገለችው እሷ ቤት ነው። ጉልበቷ ያለቀውም የዚያን ቤት ደረጃ ስትወለውል ነው። ወጥታ ሻይ ስትጀምር፣ «ከእንግዲህ የማጥበው የራሴን ብርጭቆ ነው፤ ሰው ቤት አልመለስም፣ ወላሂ» ብላ ምላ ነበር። አሁን ማዳሚቱ፣ «ተመለሽ፣ አዳሪ ሁኚ፣ እሑድ ሹፌር እልክልሻለሁ» ስትላት፣ «እንጃ፣ ላስብበት» አለች። ይህች ሴት «እንጃ» ስትል ሰምቼ አላውቅም።

«ነገ ባሕሪ እሄዳለሁ» አልኳት።

«ምን ልታደርግ?»

«መብራት ልገዛላት።»

«ያቺን እቃ ጣላትና እረፍ፣ አንተ ሰው።»

«አልጥላትም።»

ባሕሪ ከወንዙ ማዶ ያለ ከተማ ነው፣ ሩቅ ነው፤ ሚኒባስ ቀያይሬ፣ ድልድዩ ላይ ተሰልፌ ረፋድ ላይ ደረስኩ። ኤልኢዲ የሚባለውን ትንንሽ መብራት የሚሸጠው ጎልማሳ እናቱ የእኛ አገር ሰው፣ አባቱ ሱዳናዊ ነው። አማርኛው ግማሽ መንገድ ሄዶ ዐረብኛ ይሆናል፤ አንቱታ የሚባለው ነገርም አልደረሰውም፤ አጎቴ ለማለት «ያ ዐሚ» ይለኛል።

«ያ ዐሚ፣ ይሄን ጣለው። ኸላስ፣ ጊዜው ሄደ። ስልክ ግዛ።»

«በስልክ ስንት ሰው ያያል?»

«አንድ።»

«የኔ ሰው ብዙ ነው።»

ስቆ ፈታት። ከጠርዟ ሥር እንደ ስንደዶ የቀጠነ፣ ጫፉ የጠቆረ የመስታወት ቱቦ አወጣ። በእሱ ፋንታ ኤልኢዲ የተደረደረበት ጥብጣብ ይገባል አለኝ። ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ነው፤ እኔ ደግሞ ለምርጫ አልቸኩልም፣ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ሰፊው ጥብጣብ ቱቦው የተኛበት ቦይ ውስጥ አልገባ አለ። ከጠባቦቹ አንዱ መብራቶቹ ተራርቀው ስለተሰኩ ከሥዕሉ ሥር ጥርሱ የወላለቀ ሰው ድድ የመሰለ ጥላ ጣለ። ጠጋ ጠጋ ብለው የተደረደሩበትን ያዝኩ። ቀለሙ ቀረ። አንዱን ከባትሪ ጋር አገናኘው፤ እንደ አዲስ መኪና የፊት መብራት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ሁለተኛው ወተት ይመስላል። ሦስተኛውን፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለውን፣ ብልጭ አድርጎ ወዲያው መለሰው።

«ይሄ ለቁም ሳጥን ነው» አለ።

እኔ የምፈልገው ከመንገድ ማዶ የሚታየውን ነበር። የመኪናውን መብራት የመሰለውን አስገባልኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ስክሪኗ ከሆስፒታሉ በር ድረስ ታየች። ከካፍቴሪያውም ሁለት ሦስት ሰው የጀመረውን ሳይጨርስ ተሻገረ። ባለቤቴ ዝንጅብል ስትወቅጥ አንገቷ ቀና ብሎ ነበር።

በማግስቱ ዘነበ። ሲያባራ መሬቱ ያለውን ክንፋም ሁሉ ተፋው፤ ምስጥ፣ ጢንዚዛ፣ የእሳት እራት፣ ስሙን የማላውቀውም። ሁሉም ወደ ስክሪኗ። ታጋዩ ጢም አወጣ፣ ዳኛው ጨርሶ ጠፋ። ከመስታወቷ የተንሸራተተውም አጠገቧ ካለው ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። አንድ የረቅሻ ነጂ ከሻዩ ጢንዚዛ በጣቱ አውጥቶ ለባለቤቴ አሳያት፤ እንደ ሁሉም «ኻልቲ»፣ አክስቴ፣ ነው የሚላት።

«ያ ኻልቲ፣ እኔ ያዘዝኩት በናና ቅጠል ነው፤ ሥጋው የማን ነው?»

ሁሉም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፤ ደፍታ ሌላ ቀዳችለት። ሌላውም ውስጥ ገባበት። ያኔ መሳቅ ተወች። የካፍቴሪያው ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ ጮኸ፤ ሽማግሌን ሁሉ «ሐጅ» ነው የሚለው።

«ያ ሐጅ! ክንፍ ያለውን ደንበኛ ሁሉ ወሰድክ፤ እግር ያለውን ለኔ ተውልኝ!»

እግር ያላቸውም እየተነሱ ሄዱለት።

«አጥፋው» አለችኝ ብርጭቆ እየሰበሰበች። አጠፋሁት። «እሑድ ሹፌሩ ሲመጣ እሄዳለሁ። እንዳትከራከረኝ።»

ጀሪካኔን ይዤ ውሃ ልቀዳ ወደ ሆስፒታሉ በር ሄድኩ። በሩ ላይ ሁለት መብራት አለ፤ አንዱ አዲስ ነጭ፣ ሌላው ማንም ያልቀየረው አሮጌ ቢጫ። ከነጩ ሥር ዘበኛው ክንፍ በመጥረጊያ ይጠርጋል። በቢጫው ዙሪያ ጥቂቶች ዞር ዞር ብለው ይሄዳሉ። ጀሪካኑን አስቀምጬ አንገቴ እስኪደክም አየሁ።

በነጋታው እንደገና ባሕሪ።

«ተበላሸ?» አለኝ ሻጩ ገና ሲያየኝ።

«አልተበላሸም። ቢጫውን ስጠኝ።»

«የቁም ሳጥኑን? ዐሚ፣ ሰዉ ሁሉ የወፍ በሽታ የያዘው ነው የሚመስለው!»

«ይምሰል።»

«ነጭ ልብስ ነጭ አይሆንም። ሣር ሣር አይሆንም።»

«ሻዩ ግን ሻይ ይሆናል» አልኩና የሆነውን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ድምቀቱንም ቀንስልኝ ስለው እያጉረመረመ ቀነሰልኝ። «የኔ ሥራ ነው ብለህ ለሰው እንዳትናገር» አለኝ ሲሰጠኝ። ልክ ነበር እኮ፤ ሥዕሉ አስቀያሚ ነው። እኔ ግን ፌስታሌን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባሱ ስመለስ ሆዴ ሞልቶ ነበር። ሰው ሲያረጅ ሁሉም ጣል ይለዋል፤ ዕቃህን ጣል፣ ጥላህን ልቀቅ፣ ሚስትህን ለሰው ቤት ስጥ። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ጥያለሁ። ይህችን ግን አልጥልም።

እሑድ ከሰዓት ዘነበ። ሲመሽ ሳጥኑን ከሻዩ ራቅ አድርጌ ስክሪኗን ከፈትኳት። እርድ ውስጥ የተነከሩ ታጋዮች ወጡ። የነበሩት ጥቂት ሰዎች በሳቅ ፈረሱ።

«ያ ሐጅ!» አለ የካፍቴሪያው ሰውዬ ከማዶ። «ታጋዮችህን ወደ ሆስፒታሉ አስገባቸው እንጂ፣ ጉበታቸው አልቋል!»

«መጀመሪያ ይጨርሱ!» አልኩት።

አንዲት የእሳት እራት መጥታ ታጋዩ ትከሻ ላይ አረፈች፤ በጣቴ ገፋኋት። ሌሎችም ብቅ ብቅ አሉ፣ ግን እንደዚያን ቀን አልወረሩንም። ብርጭቆው ውስጥ ጣቱን የከተተ ሰው አላየሁም።

ሹፌሩ መኪናውን ዳር አቁሞ መጣ። «ኻልቲ፣ ማዳም ልካኝ ነው። ዕቃሽ የታለ?»

ሻንጣዋ ታስሮ ከኋላዋ ተቀምጧል። በርጩማዋን ለቀቀችለትና ሻይ ቀዳችለት። ዝናብ ሲጥል ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው ብርጭቆውን አንስቶ ውስጡን መረመረ። ንጹሕ ነው። ፉት አለ። ዓይኑ ስክሪኗ ላይ ቀረ።

«እነዚህ ሰዎች ለምንድን ነው ቢጫ የሆኑት?»

«የእኛዎቹ እንደዚህ ናቸው» አለችው ባለቤቴ።

ከካፍቴሪያው ሁለት ሰው ተሻግሮ መጣ፣ ቆይቶ ደግሞ አንድ። የሄዱት ሁሉ አልተመለሱም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ። የተመለሱት ግን ይበቁን ነበር። እሷ በናና ወይስ በዝንጅብል እያለች ትጠይቃለች፣ እኔ ከሰሉን አራግባለሁ።

«ያላ ኻልቲ፣ እንሂድ» አለ ሹፌሩ። «ትቆጣኛለች።»

«አልሄድም።»

እኔ ማራገቡን ተውኩ።

«ምን ብዬ ልንገራት?»

«አልመጣም አለች በላት። ይኸው እንግዶች ተቀምጠውልኛል፤ ተነሱ ልበላቸው?»

በርጩማዋ ላይ ሹፌሩ ስለነበር የታሰረውን ሻንጣ ወደ ከሰሉ ሳብ አድርጋ ተቀመጠችበት፤ ከዚያ እጇን ለባዶው ብርጭቆ ዘረጋችለት።

ሹፌሩ መኪናዋን አየ፣ ስክሪኗን አየ። ቢጫው ወፍራም ሌላውን ቢጫ ከገመዱ በላይ አንስቶታል።

«ይቺ ግጥሚያ እስክታልቅ» አለና ብርጭቆውን ሰጣት።