ወንድሜ የቀበረው ሥጋ

ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ሚኒስትሪ ከተፈተኑ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ማሳመር አላውቅበትም። የሆነውን እጽፋለሁ።

ጭኔ ላይ፣ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል፣ እባጭ ወጣብኝ። አያምም። ካራ አካባቢ የኮብልስቶን ድንጋይ የምንጠርብ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ድንጋይ በእግራችን መሀል ይዘን ነው የምንውለው። ጓደኞቼ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ድንጋይ አርግዟል!» እያሉ ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እንቁላል ያክል የነበረው ብርቱካን ሲያክል ግን የሚስቅ ጠፋ።

ታላቅ ወንድሜ አንድ ክሊኒክ ወሰደኝ። ሐኪሙ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። ፎቶ አላነሳ፣ በመርፌ አልቀዳ። «ስብ ነው፤ አሁኑኑ ላውጣልህ» አለና አደንዝዞ ቀደደኝ። ጭኔን በአግድም፣ እንደ ዳቦ። ያወጣውን ሥጋ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተተና ውጭ ለሚጠብቀው ወንድሜ አስያዘው።

«ይሄን የፓቶሎጂ ላብራቶሪ አድርስ። ስብ ነው፤ ለወጉ ያህል ነው» ብሎት ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ለወጉ ያህል!

ወንድሜ እንጦጦ ላይ የሚኖር፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም የማይውል ሰው ነው። ሰንበትበት ብዬ «ጋሼ፣ ውጤቱስ?» አልኩት።

«ተወው፣ ምንም አይደለም» አለኝ። ተውኩት።

ክረምቱ ሳይወጣ ጠባሳው ሥር እንደገና አበጠ። አሁን ያማል። ትልቁ ሆስፒታል ሄድን። አንዲት ወጣት ሐኪም ጠባሳውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«አባባ፣ ማነው እንዲህ በአግድም የቀደደዎት?»

«አባባ አትበይኝ። ሐኪም ነው፤ የእናንተው ሰው።»

አልተቀየመችኝም። እባጭ ትልቅ ከሆነ፣ ጡንቻ ውስጥ ከገባና እያደገ ከሄደ መጀመሪያ ኤምአርአይ ይነሳል፣ ቀጥሎ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል፣ ምንነቱ ሳይታወቅ በቢላ አይነካም ብላ አስረዳችኝ። ከዚያ «የመጀመሪያው ምርመራ ውጤት የታለ?» አለች።

ዞሬ ወንድሜን አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

«ጋሼ?»

«ቀበርኩት።»

«ምኑን?»

«ስብ ነው ብሎን የለ? የወጣ ነገር ወጣ፤ ምኑ ይመረመራል? የክርስቲያን ሥጋ ነው። ከታትፈው ቆሻሻ ላይ እንዲጥሉት ነው?»

ሐኪሟ አልሳቀችም። «በብልቃጡ ነው የቀበሩት? ፈሳሹ ካለ ሥጋው አይበሰብስም፤ አሁንም ልናየው እንችላለን» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ለማንኛውም ዛሬ በመርፌ እንወስዳለን፤ የዚህ ውጤት ግን ይቆያል። የድሮውን ቶሎ ካመጣችሁልን ሥራ እንጀምራለን። ከዘገየን እግርዎን ልንቆርጠው እንችላለን» አለችኝ።

እግሬን! ሌላ ምን አለኝ እኔ?

በማግስቱ ከቀበና በላይ መኪና እስከሚገባበት ሄድን፤ ከዚያ በእግር። እሱ ዶማ ተሸክሞ ከፊት፣ እኔ እያነከስኩ ከኋላ። ከሚሳለመው ደብር አጥር ውጭ አንድ ጥድ ሥር ቆመና መቆፈር ጀመረ። የነጠላ ቁራጭ ወጣ። አፈር ይዞ የጠቆረ፣ ባዶ ጨርቅ።

«ብልቃጡስ?»

«ፈሳሹ ይሸታል። ደፋሁት። ሥጋውን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ነው ያስገባሁት።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዳገት ስታስወጣኝ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምናልባት ብዬ ነዋ።»

«ምናልባት ምን?»

«ምናልባት ካልበሰበሰ።»

«እኔ ጻድቅ ነኝ እንዴ ሥጋዬ የማይበሰብሰው!»

ዶማውን ነጥቄ ገደል ወረወርኩት። እሱ ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ይመልሳል። ያን ጊዜ ብገፈትረው ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

የመርፌው ውጤት መጣ። ሳርኮማ ይሉታል፤ ከጡንቻ፣ ከስብ፣ ከጅማት የሚነሳ ካንሰር ነው። ያ ክሊኒክ በአግድም ሲቀደኝ ዘሩን በጭኔ ስፋት በትኖታል። ስለዚህ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ጠባሳውን ከነቆዳው፣ ከነጡንቻው ጠርጎ ወሰደው። ቀጥሎ የጨረር ወረፋ፤ ቀጥሎ ጨረሩ። እግሬ ተረፈ። ተረፈ ሲሉ እንዲህ ነው፤ አጥንቱ አለ፣ ቆዳው አለ፣ ድንጋይ የሚይዝበት ጉልበት የለም። አሁንም ሳንባዬን በየጊዜው ያዩታል፤ ወደዚያ ይሄዳል አሉኝ።

መራመድ እንደጀመርኩ ቀጥ ብዬ ወደዚያ ክሊኒክ ሄድኩ። ሱሪዬን ዝቅ አድርጌ ለሐኪሙ ጭኔን አሳየሁት። እየተጣደፈ ታሪኩን ሰማኝና «እኔማ ናሙናውን ሰጥቼው ነበር፤ ያጠፋው ወንድምህ ነው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ወንድሜን እኔ እሰድበዋለሁ፤ ይሄ ማን ሆነና ነው?

«ወንድሜ ሐኪም ነው?» ብዬ ጮህኩበት፤ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ሰማ። «ስብ ነው ያልከው አንተ። ለወጉ ነው ያልከው አንተ። እሱ ባያውቅ ቀበረው። አንተ ተምረህ ምን አደረግክ?»

ሐኪሙ ዘበኛውን ጠራ።

ወንድሜ ተከትሎኝ መጥቶ ውጭ ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ በቅጡ አናግሬው አላውቅም።

«ምን አለህ?» አለኝ።

«አንተን ነው የሚከስ። ዝም በልና ያዘኝ፣ መውረዱ ይከብደኛል።»