ፋዲላና የአማቷ ቤት

ጣሊያን ሸዋ ሮቢትን በያዘ በዓመቱ የፋዲላን ባል ሷሊሕን ከማሽላ አጨዳ ላይ አንስተው ወሰዱት። ከደብረ ሲና በላይ ገደሉን እየፈለፈለ የመኪና መንገድ የሚያወጣ ጉልበት ይፈለግ ነበር። ሷሊሕ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ናዳ እንደተጫነው የተናገረው አብሮት የተወሰደ የሰፈራቸው ሰው ነው። አስከሬኑን ያየ ግን የለም።

እናቱ እማ ራቢዓ መርዶውን የሰሙት ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ሲፈለቅቁ ነው። አላለቀሱም። "ኢናሊላሂ" ብለው ሊነሱ ሲሉ ወደቁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አንደበታቸውም ተያዘ።

ፋዲላ ልጅ አልወለደችም፤ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሷና አማቷ ብቻ ናቸው። ታጎርሳቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ አዝላ ደጅ ታወጣቸዋለች። እንዲህ ሆነው ሲኖሩ አንድ ማለዳ ለሶላት ውዱእ ልታስደርጋቸው ውሃ ይዛ ብትቀርብ አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ምነው እማዬ? ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋሽ" አሉ፣ ቃሉ አፋቸው ውስጥ እየተጠላለፈ። "ውዱእ ግን የራሴ ነበር።"

ፋዲላ ቀኑን ሙሉ ይህን ስታሰላስል ዋለች። በማግስቱ ሞፈርና ቀንበር ከሚጠርቡት ጎረቤታቸው ከጋሽ አሊዪ ዘንድ ሄዳ ለእጅ የሚለሰልስ ረጅም አግዳሚ እንጨት ለመነቻቸው። ከመኝታው እስከ በሩ ድረስ በወገብ ቁመት አጋደሙላት። ዝቅ ብሎ የነበረውን መደብ እሷው በድንጋይና በጭቃ ከፍ አደረገችው፤ አሮጊቷ ተቀምጠው ለመነሳት ጉልበት አጥተው ነበርና። ቅል በስታ ከምሰሶው ላይ አሰረችና በግራ እጅ ዘንበል ሲያደርጉት ውሃ እንዲወርድ አደረገች። በግራ መብላትን እማ ራቢዓ እንቢ ስላሉ፣ የእንጨት ማንኪያውን እጀታ በጨርቅ አወፍራ ከሰነፈው ቀኝ እጃቸው ጋር አሰረችላቸው፤ ግራው ከስር እየደገፈ ወደ አፋቸው ያደርሰዋል።

ከሁሉ የከበዳት አለመርዳት ነበር። አግዳሚውን ይዘው ሲንገዳገዱ እጇ ሳታስበው ይዘረጋል። "ተይኝ" ይሏታል። እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ ትቆማለች። የመጀመሪያውን ውዱእ ራሳቸው ሲያደርጉ የቀሚሳቸው ግማሽ ረጠበ። ፋዲላ ሊጡን ልየው ብላ ወጣችና ከቤቱ ጀርባ አለቀሰች።

በበልጉ አርበኞች የስልክ ሽቦ ቆረጡ ተባለና ወታደሮች መንደሩን ሊያቃጥሉ መጡ። ፋዲላ ሮቢ ወንዝ ወርዳ ነበር። ጭሱን አይታ እንስራዋን ጥላ ስትሮጥ ሰው ሁሉ ወደ ጫካው ሸሽቷል። እማ ራቢዓ ግን ከአጥሩ ውጪ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አግዳሚውን ይዘው እስከ በሩ፣ ከዚያ እየተንፏቀቁ ወጥተው ነበር። ጣሪያው ሲደረመስ ሁለቱም እዚያው ሆነው አዩ።

ካራቆሬ ያለው የፋዲላ ወንድም ኢብራሂም ተቀበላቸው። ሚስቱ ደግ ሰው ናት፤ አሮጊቷን እንደ ሕፃን ያዘቻቸው። ይጎርሳሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይደገፋሉ። ክረምቱ ሳይገባ ማንኪያ መያዝ ተዉ። መቆምም ተዉ። ቀኑን ሙሉ በሩን ሲያዩ ይውላሉ።

"ቤቴ ውሰጂኝ" አሉ አንድ ቀን።

"ቤቱኮ ተቃጥሏል፣ እማዬ።"

"ቦታው አለ። ሷሊሕ ቢመጣ ማንን ያገኛል?"

ፋዲላ ልመልሳቸው ነው ብላ ለወንድሟ ነገረችው። ኢብራሂም ተቆጣ። "ተመልሰው ቢያቃጥሉትስ? እዚህ ምን ጎደላቸው?"

"ምንም አልጎደላቸውም፣ ጋሼ። ግን እያየኋቸው እያለቁ ነው።"

ብቻዋን ወደ መንደሩ ተመልሳ፣ ከጫካው ከተመለሱት ከጋሽ አሊዪ ጋር ከቃጠሎ የተረፈውን እንጨት ለቅማ ትንሽ ጎጆ ቀለሰች። መደቡን፣ አግዳሚውን፣ ቅሉን እንደ ቀድሞው አደረገችና አማቷን በአህያ ጭና አመጣቻቸው። እማ ራቢዓ አግዳሚውን በግራ እጃቸው ዳሰሱት።

"ከፍ ብሏል" አሉ።

ጋሽ አሊዪ ሳቁና ነቅለው ዝቅ አደረጉት።

እንደ በፊቱ አልሆኑም። ከበሩ መድረስ ይደክማቸው ነበር። ያም ሆኖ ማለዳ ማለዳ ተነስተው ይታጠባሉ፤ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ከማሽላው ጠጠር ይለቅማሉ። መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና ይላሉ። ፋዲላ የሞተ ሰው አይመጣም ለማለት አንድም ቀን ድፍረቱን አላገኘችም፤ አንዳንዴ እሷም አብራ ቀና ትላለች።

እማ ራቢዓ የሞቱት ጣሊያን ከአገር ሳይወጣ ነው። ጠዋት ሰግደው መደባቸው ላይ ጋደም እንዳሉ አለፉ። የሚቀብር ጎልማሳ በመንደሩ ጥቂት ስለነበር ጋሽ አሊዪ በእርጅናቸው አብረው ቆፈሩ።

ከሐዘኑ በኋላ ኢብራሂም መጥቶ እህቱን ወሰዳት። ካራቆሬም ሌላ ባል አግብታ ኖረች። በሰፈሩ አሮጊት ወይም ሽማግሌ የወደቀ እንደሆነ ይጠሯታል። ትሄዳለች። መጀመሪያ ምንም ሳትነካ ማዶ ትቀመጥና ሰውየው እንዴት እንደሚነሳ፣ እጁ ምን ላይ እንደሚያርፍ ታያለች። ከዚያ እንጨት ጠራቢ ጥሩልኝ ትላለች።