የአቶ ይልቃል ሰላምታ

አቶ ይልቃል ሰውን የሕይወት ኢንሹራንስ የሚያስገቡ ሰው ነበሩ። አሰብ ውስጥ ሰላም የማይሉት ፍጡር አልነበረም። የወደብ ወዛደር ይሁን የታክሲ ሹፌር፣ ከዒድ መንደር ዓሣ ይዞ የመጣ እንግዳ ሳይቀር፣ በዚያ ሐሩር ቆመው ባርኔጣቸውን አንሥተው የቤተሰቡን ደኅንነት ይጠይቃሉ። ሰው "ፀሐይ መታቸው" ይል ነበር። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ፤ አስተማሪ ነኝና ሳልጠይቅ አላድርም።

አንድ ቀን ፖስታ ቤቱ በር ላይ አገኘኋቸው። "የማያውቁትን ሰው ሁሉ ለምን ሰላም ይላሉ?" አልኳቸው።

"የማውቀውን ብቻ ሰላም ብል፣ ከተማው ደንበኞቼን በሳምንት ለይቶ ያውቃቸዋል" አሉኝ። "እኔ ብሞት ገንዘቡ ለእገሌ ይሰጥልኝ ብሎ ያስጻፈ አለ። ሚስቱ እንኳ አታውቅም።"

"ባለቤቴ ሣህሉስ ደንበኛዎ ነው?"

ባርኔጣቸውን አነሡ። "ልጆቹ ደኅና ናቸው?" ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሣህሉ ከነዳጅ ማጣሪያው ለምሳ ሲመጣ፣ "ዛሬ ከአቶ ይልቃል ጋር ብዙ ተጫወትን" አልኩት፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

እጁ ትሪው ላይ ቀረ።

"ነገሩሽ እንዴ?" አለኝ።