የኮከቡ ቅመም ውኃ

የልጅ ልጄ መድኃኒት በሚቀመምበት ቤት ትሠራለች። ባለፈው ሰሞን አጠገቤ ተቀምጣ ስለ አንድ አሲድ ስታጫውተኝ ነበር፤ ሺኪሚክ አሲድ ይሉታል አለች። ዛፍና ሣር ሁሉ ገላቸውን ሲሠሩ እግረ መንገዳቸውን የሚያበጁት ነገር ነው አሉ፤ ያለቀለት አይደለም፣ እንደ ሊጥ ያለ፣ ገና ሌላ ነገር የሚሆን። የኮከብ ቅርጽ ባለው ቅመም ውስጥ ሞልቷል። "ስሙ የወጣው ግን ከጃፓን ዛፍ ነው፤ ፍሬው ቁርጥ ያንኑ ቅመም ይመስላል፣ ግን መርዝ ነው" አለችኝ። አሲዱ በሁለቱም ውስጥ አለ፤ የሚገድለው ግን እሱ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው። እሷ ታወራለች፣ እኔ ግን አንድ የድሮ ቀን ትዝ አለኝ።

ኤርትራ የንጉሡ ጠቅላይ ግዛት ከሆነች በኋላ ነው። ባለቤቴ ለሥራ ምጽዋ ወርዶ፣ እኔ እዳጋ ሓሙስ በሚባል ሰፈር ከእናቱ ጋር እኖር ነበር፤ አደይ እላቸዋለሁ፣ እናቴ እንደ ማለት፤ እሳቸውም ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሉኛል። የመጀመሪያ ልጄ፣ ሴት ናት፣ አንገቷ ገና አልጸናም። ሆዷን ይቆርጣታል፣ ታለቅሳለች። ለዚህ የኮከቡን ቅመም አፍልተን በማንኪያ እናጠጣት ነበር። በቤታችን ለሕፃን የተፈላ አይደፋም፤ ከደፉት ዕድሏ አብሮ ይፈስሳል ይላሉ አደይ፣ የተረፈውን ራሳቸው ይጨርሱታል።

ያን ቀን ከማናውቀው ሻጭ አዲስ ቅመም ገዛን። አነስ ያለ ነበር፣ ሽታውም እንደ ለመድነው አይደለም። "መርከብ ላይ ሰንብቶ ነው" አሉ አደይ።

አጠጣናት፣ ዝም አለች፤ ደስ አለን። የተረፈውን አደይ እንደ ልማዳቸው ጨለጡት። ልብስ አስጥቼ ስመለስ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። እግሯ ይንዘፈዘፋል፣ ቀጥሎ እጇ።

"ዓይን ነው" አሉ አደይ። "ጠዋት ያቺ ጎረቤታችን ልጅቷ ምን ትወፍራለች እያለች ነበር። በይ ጓለይ፣ ሌላ አፍዪላት፣ ያረጋጋታል።"

አፈላሁ። እፍ እያልኩ ማንኪያውን ወደ አፏ ሳስጠጋ አደይ ወደ ደጅ ሮጡ። ሲያስመልሳቸው ሰማሁ። ተመልሰው በሩን ለመደገፍ የዘረጉት እጅ እንደ ልጄ እግር ይንቀጠቀጣል። እጃቸውን አዩት፣ ከዚያ ማንኪያውን አዩት።

"እኔን አሮጊቷን ደግሞ ማን በዓይኑ ይበላኛል?" አሉ። "ድፊው።"

ልጄን በነጠላ ጠቅልዬ ወጣሁ። አደይ ትከሻዬን ይዘው ይከተላሉ። መንገድ ላይ ወታደሮች ጥቅል የያዘን ሁሉ ይፈትሹ ነበር፤ አንዱ አስቆመኝ።

"ምንድን ነው የያዝሽው?"

"ልጄ ናት፣ ጌታዬ። ታማብኛለች።"

"ግለጪው።"

ጥቅሉን ይበልጥ አቀፍኩት። ብገልጣት ሞታ ትገኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ አልገልጥም ብል ደግሞ ጠመንጃው አለ። በአፈሙዙ ነጠላውን ሊያነሣ ሲል አደይ ጫማው ላይ አስመለሱበት። ወደ ኋላ ዘለለ።

"እለፉ፣ እለፉ! ምን ዓይነት ቀን ነው ዛሬ።"

ሆስፒታል ነርሷ ምን አጠጣችኋት ብላ ጠየቀችን፤ ነገርናት። መርፌ ወጓት፣ መንዘፍዘፉ ቆመ። መቆሙ ይበልጥ አስፈራኝ፣ ምክንያቱም ምንም አትንቀሳቀስም።

"ስትነቃ አጥቢያት" አለችኝ ነርሷ። "ከጠባች ደግ። እምቢ ካለች ቶሎ ጥሪኝ።"

አደይ አልጋ እምቢ ብለው እግሬ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እኔ ጡቴን አውጥቼ ደረቷን አያለሁ፣ ከፍ ሲል አብሬ እተነፍሳለሁ። ስትነቃ ጡቴን ከንፈሯ ላይ አደረግሁት። ፊቷን አዞረች። እንደገና አደረግሁት፣ ወተቱ በአገጯ ፈሰሰ። ነርሷን ልጠራ አፌን ስከፍት ልጄ ጡቴን ያዘችው፣ በኃይል፣ እስኪያመኝ።

"ጠባች?" አሉ አደይ ቀና ሳይሉ።

"እወ፣ አደይ።"

ትንሽ ቆይተው፣ "አሁንስ?"

"እየጠባች ነው።"

እስክትጠግብ ድረስ ሲጠይቁኝ ቆዩ፤ እኔም ስመልስላቸው።